ስንዝር

ካርታውን ዘረጋሁ በረንዳዬ ላይ፣
አራት ድንች ጭኜ፣ ነፋስ እንዳይነጥቀኝ፤
አውሮፕላን ከላይ
እግሩን አውጥቶ ወደ ቦሌ ሲወርድ፣
የቡልቡላ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ ሲርድ።

ክብሮም ልጄ ሽሬ፣ ትርሓስ ሁመራ።
ስንዝሬን ብዘረጋ ተረፈኝ፤
ጣቴ ሄዶ አረፈ ሌላ ተራራ።

ሠላሳ ዓመት ሻንጣ መዝኛለሁ፣
የአየሩን ሰዓት አልስትም፤
ካንዱ ወዳንዱ ቀጥታ ቢበሩ፣
ሳሪስ ለመሄድ ታክሲ ተሰልፌ ከምቆመው አይበልጥም።

ቀጥታ ግን የለም።

ትርሓስ፣ ወንድሟ ሲናፍቃት፣
ሽሬን በስተግራ ከደመና ሥር ትታ
መጀመሪያ እኔው ጣሪያ ላይ ናት።
አንድ ሌሊት ታድራለች።
ከግድግዳው ማዶ ስታስል እሰማታለሁ፤
ሲነጋ ሻንጣዋን በእጄ መዝኜ እሰጣታለሁ፤
በመጣችበት ሰማይ ሽቅብ ትመለሳለች።

ጠዋት ደረጃው ላይ አቶ ጉደታ፣
«ሊጀመር ነው አሉ በረራው በቀጥታ፣
እፎይ ልትል ነው» ብሎኝ ነበር።
«ተመስገን» አልኩት።
በአፌ።

ድንቾቹን አነሳሁ፤ ካርታውን ለነፋስ ተውኩት።
ፍራሿን ግን አውጥቼ
ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።