የጎደለውን ጻፊ

ቅዳሜ ማታ ነው፣ ግራትስ ከተማ፣
የትራሙ ፉጨት ከደጅ እየተሰማ፣
እኔ ጠረጴዛው ላይ ፋሻ እጠቀልላለሁ፣
መቀስና ወረንጦ ጎን ለጎን አኖራለሁ።
አጥናፉ ከሶፋው፣ ዓይኑ ከኳስ ሳይነሳ፣
«ለአንድ ቀን መንገድ ነው ይህ ሁሉ ቦርሳ?
ሟርት አይሁንብን፣ ኧረ ተይ እንጂ፣
በሽታን በስሙ ጠርተሽ አትጋብዢ!»

አልመለስኩለትም።

ስምን መልአክ ያወጣል ይባላል በአገሩ፤
መልአኩ ግን ንብን አልቆጠረም ከነገሩ።
ምን ተስኖት ያልነው የስምንት ዓመት ልጅ፣
አምና በዚህ ወር፣ ከመናፈሻው ደጅ፣
ለአንዲት ንብ ተረታ፤ ፊቱ ተደፈነ፣
ድምፁ ከጉሮሮው እንደ ክር ቀጠነ።
እኔ ቦርሳዬን ገልብጬ ያገኘሁት
ማስቲካ፣ ደረሰኝ፣ የትራም ቲኬት።
አምቡላንሱ ደረሰ። እግዜር ይስጠው፣ ደረሰ።
ግን ያ ስድስት ደቂቃ ከዕድሜዬ ቀነሰ።

ስለዚህ እቆጥራለሁ።
መጀመሪያ እስክሪብቶ የሚመስለው መርፌ፤
ሁለት ነው፤ አንዱ ለነፍሱ፣ አንዱ ለትርፌ።
ሙቀት እንዳያገኛቸው በካልሲ ጠቀለልኩ፣
ቀናቸው እንዳላለፈ በመነጽር አስተዋልኩ።
ፕላስተር ለተረከዙ፤ አዲስ ጫማ ገዝቷል፣
እኩለ ቀን ሳይሞላ ውሃ ይቋጥራል።
ጎዝ ከነማሸጊያው፣ ጓንት ሁለት ጥንድ፣
ኦአርኤስ ሦስት፤ ሆድ አይታመንም በመንገድ።
ወረንጦው ለመዥገር ነው፤ የዚህ አገር ጫካ
ከብት ሳይውልበት መዥገር አለው ለካ!
ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፣ ሳይጠመዝዙ፣ ቀስ ብሎ፣
ጭንቅላቱ ሥጋ ውስጥ እንዳይቀር ተነጥሎ።

የክኒኑ ስም ሁሉ በጀርመንኛ ነው፤
በብጣሽ ወረቀት በአማርኛ ጻፍኩላቸው፦
ይሄ ለትኩሳት።
ይሄ ለማሳከክ፣ ከምግብ በኋላ።
ይሄ ለአጥናፉ ራስ ምታት፣
ቡድኑ ሲሸነፍ ብቻ፤ ለሌላ አይበላ።

እሑድ። ሾክል ተራራ። ንብ የሚባል የለም።
አጥናፉ በዓይኑ፣ «አላልኩሽም?» አለ፤ አልመለስኩለትም።
ቁልቁለቱን ወርደን ከጥዱ ሥር ዞር ስንል፣
አንዲት አሮጊት፣ ድንጋይ ላይ፣ ከዘራዋ ከጎን፣
ደሟ ከጉልበቷ ወደ ካልሲዋ ቁልቁል።
ፍራው ኮግለር ነኝ አለች፣ ምንም አልሆንኩም አለች፣
በምሳ ናፕኪን ቁስሏን እየሸፈነች።

እጄን ወደ ቦርሳው ሳልዘረጋ ዚፑን ሰማሁት።
ምንተስኖት ነው።
ለትንሽ እጁ የሰፋ ጓንት አጠለቀ፣
በኮዳ ውሃችን አሸዋውን አስለቀቀ፣
ጎዙን በመዳፉ ጫን አድርጎ ያዘ፣
«አትንቀሳቀሺ» ብሎ በጀርመንኛ አዘዘ።
ከዚያ በአማርኛ እስከ መቶ መቁጠር ጀመረ፤
ሰባ ላይ ተምታታበት፣ ከሥልሳ አሻሻለ፣ ቀጠለ።
አሮጊቷም ሳይገባት፣ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣
ከንፈሯን ታነቃንቃለች እንደሚቆጥር ተባባሪ።
ፋሻውን ዙሪያውን ጠቅልሎ ሲጨርስ፣
ከኋላዬ የአጥናፉን ድምፅ ሰማሁ፣ ለስለስ፦
«መርፌ ቁልፉ የት ነው? እኔ ላቀብለው።»

ማታ ቤት ስንገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
«እማ» አለኝ፣ «ቦርሳው እንዲህ ሆኖ አይደር፤
የጎደለውን ጻፊ፣ ነገ ይገዛ» አለ።
ጻፍኩ።
ጎዝ፣ ሁለት። ፋሻ፣ አንድ። ጓንት፣ አንድ ጥንድ።
«መርፌ ቁልፍ አራት ነበር፣ አሁን ሦስት ናት፣»
አለ አጥናፉ ከሶፋው፣ ግንባሩን እያሸ፤
ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ለዜሮ ይላል።
ከታች ጨመርኩበት፦
የራስ ምታት ክኒን፣ አንድ።