የኮኪት ሚዛን

ኅዳር ላይ ኮኪት ነኝ፣ ኩርኩራው ጥላ ሥር፣
ሚዛኑን ሰቅዬ፣ ኪሎ ልቆጣጠር።
አፈሩ አንድ ዋልካ፣ ዝናቡም አንድ ሰማይ፣
ሰኔ ሃያ ስድስት የወደቀ መሬት ላይ፤
አራት ዓይነት ዘር ነው፣ በአራት ረድፍ ችካል፣
ስሙ ተሰውሮ በቁጥር ይጠራል።
«ስም ያዳላል» ይላል አለቃዬ ፈንታ፣
«ቁጥር ዘመድ የለው፣ አያውቅም ይሉኝታ።»

ገበሬው ግን ቁጥሩን ትቶ ስም አውጥቷል።
አንደኛውን «ጌታው» ብሎታል፤
ሲያበሉት ይወፍራል፣ ሲረሱት ይከሳል።
ሁለተኛው «ጠጉራም»፣ ቅጠሉ ሻካራ፣
ፌንጦ የሚሸሸው ወደ ሌላ ጎራ።
ሦስተኛው «ያገሬ»፣ አጭር፣ ድርቅ የለመደ፣
ከሱዳን ይምጣ ከቋራ ማንም ያልፈረደ።
አራተኛዋ «ሙሽሪት»፤ ስትኳኳል ትቆያለች፣
ዝናቡ ዘግቶ ሲሄድ ያኔ ትወጣለች።

ዘንድሮ ዝናቡ፣ መስከረም አሥራ ሁለት፣
እንደ ተቀየመ ሰው ሄደ ሳይሰናበት።

«ጻፍ» አለኝ ፈንታ። ጻፍኩ።
ጌታው፦ አሥራ ዘጠኝ ኩንታል በሄክታር።
ጠጉራም፦ አሥራ ስድስት፣ አንዴም ሳይረጭ።
ያገሬ፦ አሥር ተኩል።
ሙሽሪት፦ ስምንት፤ ግማሹ ፍሬዋ ሳይፈነዳ
እንደ ጨበጠ ደርቆ ቀረ፣
ማንን ሊመታ እንደ ነበር የረሳ ቡጢ።

እንዳላማው መጣ፣ ችካሉን ተደግፎ፣
«አሥራ ዘጠኝ ብለህ ጻፍክ፣ የኔ ኪስ ታልፎ?
ለጓይ ትል ሦስቴ መድኃኒት ጠጥቷል፣
በኔ ማሳ ቢሆን ማን ነው ዋጋ ከፋይ?
እሱን ቀንስና ሚዛኑን ደግመህ እይ።»

ማሬም ነበረች፣ ከበለሳ የወረደች ሳሉግ፣
ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በለቀመችው ኪሎ የምትከፈል።
«ጌታው አፉን ከፍቶ ይሰጠኛል፤
ያገሬ ግን ይነክሰኛል።
ቅርፊቱ እሾህ ነው፣ አንድ ኪሎ ጥጥ ላወጣ
አንድ ኪሎ ዕድሜ እከፍለዋለሁ።»
አምዱን ፈለግሁ።
ለጣት የተሰመረ አምድ ደብተሬ ውስጥ የለም።

አራት ፌስታል ይዤ፣ በአዘዞ በኩል ጎንደር ገባሁ፣
ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ትርንጎን አገኘሁ።
ፈታይ ናት። ቁጥር አትጠይቅም፤
በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ትስባለች።
ጌታው እንደ ወሬ ረዘመ፣ ረዘመና ተበጠሰ።
ጠጉራሙን «ለጋቢ» ብላ ወደ ጎን አደረገችው።
ሙሽሪትን ነካ አድርጋ፣ «ጥሬ ናት» አለች፣
ሳትስባት ተወቻት።
ያገሬን ባዘቶ አድርጋ እንዝርቱን ስትለቀው
እየተሽከረከረ ወረደ፣
ወረደ፣
ወለሉን ነካ።

«ይሄ ማን ነው?»
«ሦስተኛ የወጣው።»
«ማን ነው ሦስተኛ ያደረገው?»

ፈንታ አልዋሸም፤ ሚዛንም አልዋሸ።
ሪፖርቱ ሄደ፣ ማኅተም ተደረገበት፣
አንደኛ፦ ረድፍ አንድ።

እንዳላማው ግን በጥር፣ ደረቅ ግንድ ላይ ተቀምጦ፣
«ታዲያ የትኛውን ልዝራ?» አለኝ።
«የመጪውን መስከረም ንገረኝ፣ ዘሩን እነግርሃለሁ።»
ሳቀ። «መስከረምንማ ባውቅ
አንተን ማን ይጠይቅህ ነበር?»

ከዚያ በጭራሮ መሬት ላይ አሰመረ፦
ሁለት ጥማድ ለጠጉራሙ፣
ግማሽ ጥማድ ለጌታው፣ ብድር ከተገኘ፤
ያገሬ የድንበሩን ጠርዝ፣ ድንጋያማውን።
«ሙሽሪትስ?»
«እሷንማ ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው የምድራት፣
ውሃ ያለው ባል ነው የሚሆናት።»

ማታ ደብተሬን ልዘጋ ስል
በአሥር ተኩልና በስምንት መካከል
ሾልኮ የገባ ጥጥ አየሁ፣ የጥፍር ታህል።
ከየትኛው ረድፍ እንደሆነ አላወቅሁም።
ተነፈስኩበት፤ ተንቀሳቀሰ።
ሳልመዝነው ዘጋሁት።