ሁለት መስኮት፣ አንድ ደፍ

በእኛ በቺሎዌ፣ ዝናብ ነው ጎረቤት፣
ሳይጠራ የሚገባ፣ ከእያንዳንዱ ቤት።
ያን እሑድ ማለዳ፣ እሱ እየጣለ፣
የወንበሩ ጎማ፣ ጭቃ እንዳዘለ፣
ከደጄ ደረሱ፦ ዶሚቲላ ገፊ፣
ኦኖፍሬ ዝምተኛ፣ ጉልበቱን አቃፊ።

ባሕር ነው የቀማው። ሃያ ክንድ ጠልቆ፣
የባሕር ጃርት ሲለቅም፣ ከቋጥኝ ፈልቅቆ፣
አንድ ቀን ቸኩሎ፣ ሽቅብ ሲመለስ፣
እግሮቹ እታች ቀሩ፣ እሱ ካየር ሲደርስ።

ከብብቷ አወጣች፣ የመጽሔት ቅዳጅ፤
ባለ ፎቅ፣ መስተዋት፣ እብነ በረድ ደጅ።
«እንዲህ ያለ» አሉኝ። አየሁት፣ አጠፍሁት፣
ከሜትሬ ጋራ፣ ከኪሴ ከተትሁት።
«ይኼ የሰው ልክ ነው። የእናንተን እስካውቅ፣
ሦስት ቀን አሳድሩኝ፤ ሌላውን አልጠይቅ።»

አደርሁ፤ ለካሁ። መሬቱን ግን አይደል፤
ክንዱን፣ ከወንበሩ፣ ምን ያህል እንደሚችል፣
ትኩስ ዳቦ ይዛ፣ የት ላይ እንደምትቆም፣
ሌሊት ሳል ሲይዘው፣ ምን እንደሚጨብጥም፤
በክንድ፣ በስንዝር፣ በጋት፣ በመዳፍ፣
ሁሉን አሰፈርሁት፣ በሲጋራ ፓኮ ጫፍ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ደፍ የሌለው በር፣
ሁለት ክንድ የሰፋ፣ ጎማ እንዲሽከረከር፤
ምድጃው ዝቅ ብሎ፣ ሳህኑ ከእጁ፣
አንድ እንቅፋት የለ፣ ካልጋው እስከ ደጁ፤
ባሕሩን እንዲያይ፣ ተቀምጦ ሳለ፣
አንዱ መስኮት ዝቅ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ፤
እሷ ረጅም ናትና፣ ቆማ እንድታይበት፣
ሌላው ሽቅብ ወጣ፣ በዚያው ግድግዳ ፊት።

መንደርተኛው ሳቀ። ኤቫሪስቶ መጥቶ፣
ከመሰላሌ ሥር፣ አንገቱን አውጥቶ፣
«ምነው» አለ፣ «ወዳጄ፣ መስኮቶቹ ተጣሉ?»
ቤት የማይመታ ቤት፣ ሠርቷል እኮ አሉ።
እኔ ግን ኮራሁኝ፣ «ልክ ነው ልኬ» ብዬ፣
ቁልፉን አስረከብሁ፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ።

ዶሚቲላ ዞረች፣ ከክፍል ወደ ክፍል፣
በጣት እየዳሰሰች፣ የመቃኑን ፍልፍል።
ኋላም ተቀመጠች፣ ካልተላገ ጣውላ።

ዝም።
ዝናቡ ብቻ ነው፣ ከጣራው ጋር የሚያወራ።

«ሁሉን ለካህ» አለች፣ «ክንዱን፣ ሳሉን ሳይቀር።
ከእኔ ቁመቴን ብቻ፤ እሱንም ለመስኮት።
ዘጠኝ ዓመት እሱን ያነሣ፣ ያወረደ ጀርባዬ
ስንት ስንዝር ወጣው?
የማለቅስበትስ? ማንም የማይጠራኝ ቦታ
ስንት ክንድ ይበቃዋል?

ጠባብ ክፍል ሥራልኝ፤ ደረጃ ያለው፣
ደፉ ከፍ ያለ፣ ጎማ የማያልፈው።
መስኮት ባይኖረውም፣ ብርሃን ቢያንሰኝ፣
መቀርቀሪያው ብቻ፣ ከውስጥ ይሁንልኝ።»

ሜትሬ በራሱ ተጠቅልሎ ገባ።

ኦኖፍሬ ሰምቷል። እኔው የሠራሁት ግድግዳ ስስ ነው።
ዞሮ አላየንም። በዝቅተኛው መስኮት
ጀልባ ሲያልፍ አየ፤ ሌላም ጀልባ አለፈ።
ከዚያ፦ «የናስ ይሁን
መቀርቀሪያው» አለ፣ «ብረት፣ ባሕር አጠገብ፣ ይዝጋል።»

ባራተኛው ቀን ጨረስሁ። ደፉ ስንዝር ከጋት።
ሦስት ጆንያ ድንች፣ አንዲት ጠቦት፤ የቀረው ለክረምት።

ማታ ቤቴ ገባሁ። እኔው የሠራሁት ቤት።
የጓዳው በር ወለሉን ይነክሳል፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ሮሳልባ በዳሌዋ ስትገፋው ኖራለች።
ሜትሩን ከኪሴ አላወጣሁም።
«አንቺስ» አልኋት፣ «እዚህ ቤት ምን ጎደለሽ?»

«ዛሬ ነው?» አለችኝ፣
ድንቹን መላጥ ሳታቆም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።
ልጣጩ ረጅም ነበር።