የመቀሱ አድራሻ

ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። ጠርዙ ተጨማዶ፣
ቀይ እርሳስ ካንዱ ጥግ ወዳንዱ ጥግ ወርዶ፣
«ስሙ አይታወቅም» ይላል ከላዩ ላይ።
ኤፍቴርፒ ፖስታውን አገላብጣ ብታይ
ጽሕፈቷ ያው ነው፦
ስሚርኒ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ በለስ ካለበቱ፣
ለማቅቡሌ ይድረስ፤ ከውሃ ጉድጓዱ ፊት ነው ቤቱ።

አይታወቅም አሉ? ጉድ እኮ ነው ጉዱ!
ባሕር የሚያውቀውን ሊክድ ነው መንገዱ?

ነገሩ ቀላል ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣
ከተማው ሲቃጠል፣ ወደቡ ሲጨነቅ በሰው ብዛት፣
በሽርጧ ኪስ ገብቶ ተሻግሯል ከሷ ጋር
የጎረቤት መቀስ፣ የማቅቡሌ ብድር።
ቀሚስ ልታሳጥር ተውሳው ነበረ፤
ቀሚሱ ተቃጥሏል፤ መቀሱ ግን ቀረ።

እዚህ ኮኪኒያ፣ ከጣውላና ቆርቆሮ ሰፈር፣
የዚያ ስም ትርጉም ከተነሳ ጠብ ነው፣ ሁሉም ባለ ነገር።
ቄሱ «ሰምርኔስ» ይላሉ፣ እንደ መጽሐፉ።
ዓሣ ሻጩ ደግሞ፣ ቢላው ሳይወርድ ካፉፉ፣
«ከርቤ ማለት ነው» ባይ ነው፤ «ለሬሳ የሚቀቡት፤
ስሟን ያወጡላት ዕጣዋን እያወቁት።»
ካርታ ተጫዋቾቹ «ሴት ናት» ይላሉ፣ «ጦረኛ፣
ከተማ የቆረቆረች፣ ፈረሰኛ።»
ሚስቶቻቸው ሳቁ፣ ልብስ እያሰጡ፦
«ታዲያ እሳቱ ለት የት ነበረች? እስቲ አምጡ!»

ኤፍቴርፒ ለዚህ ሁሉ ጊዜም የላትም፤
ስም ለሷ መጥሪያ ነው፤ መፍቻ አይደለም።
ማዶ ያሉት ግን «ኢዝሚር» ሲሉ ስትሰማ
ፊቷ ይለወጣል፣ ሌባ ስሟን እንደጠራ በጨለማ።
«ሌላ ቃል ነው» ትላለች፣ «ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው፤
የኔን ቤት በዚያ ስም ማነው የሚያስሰው?»

ቴምብር የሚሸጠው ካሊኒኮስ ነበር፤
በጎረምሳነቱ ከኪዮስ ወደብ ዳር
ሰው በጀልባ ጭኖ የሚያሻግር ማዶ።
ፖስታውን አየና፣ ድምፁን አዋርዶ፣
«ልንገርሽ» አላት፤ «ጎህ ሳይቀድ ተነስተን
ምን ነበር የምንጮኸው መንገደኛ ጠርተን?
‹ኢስ ስሚርኒ! ኢስ ስሚርኒ!› ወደ ስሚርኒ እኮ ነው!
ቱርኩ ደግሞ ከዳር ቆሞ ሲሰማው
‹ወደ›ውንም ስሙንም ባንድ ላይ ጎረሰው፤
መጨረሻው ላይ ደክሞት ጅራቱን መለሰው።»

(«እቤት ነኝ»፣ «እደጅ ነኝ» እንደምንለው እኛ፣
ከስሙ ፊት የምትቆም ያቺ ትንሽ በረኛ።)

«እርግጥ ነው?»
«አላውቅም። የተማረ ሌላ ይላል።
የጮኽኩትን ግን ጉሮሮዬ ያውቃል።»

ወጣች። ከደረጃው ላይ፣ ማንም ሳይሰማት፣
ደጋግማ አለችው፣ ምላሷን እስኪያደናቅፋት፦
ኢስ ስሚርኒ፣
ኢስሚርኒ፣
ኢዝሚርን፣
ኢዝሚር።
ደስታ አልነበረም። ንዴት ነው የመጣባት፤
ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ሳይነግራት!

ተመልሳ ገባች። በሽማግሌው ብዕር
የፊቱን ሰርዛ ጻፈች፦ ኢዝሚር።
መቀሱን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በሲባጎ አስራ፣
ቴምብሩን ራሷ ለጠፈች፣ ካሊኒኮስን ሳታምን፣ ተጠራጥራ።

በመጋቢት መልስ መጣ። በዚያ ባዲሱ ፊደል፣
ማቅቡሌ በስተርጅና በቆጠረችው፣ መስመር ስቶ በሚንከባለል።
ፒሬዎስን «ፒሬ» ብላ ጽፋዋለች፤
ቱርክኛ አዋቂዋ ኤፍቴርፒ ሳቀች፤
«ፒሬ» በዚያ ቋንቋ ቁንጫ ነዋ!
«እውነቷን ነው» አለች፣ ክንዷን እያከከች ከነአልጋዋ።

ደብዳቤው አጭር ነው፦
«ደርሶኛል መቀሱ።
ዶልዱሟል። ይህን ሁሉ ዓመት
ምን ስትቆርጪ ነበር በሱ?»