የአራት ጣት ልክ

ኪዮጃ፣ ከወደቡ ጫፍ፣ ውሃው ሲሸሽ ማለዳ፣
በጠፍጣፋ ጀልባ ገባን ከድልድዩ ሆድ ጓዳ፤
ኔሬዮ መዶሻውን ይዞ፣ እኔ መብራትና ደብተር፣
ከራሳችን በላይ አርማታ፣ ከእግራችን በታች ባሕር።

ኳ፣ ይላል መዶሻው። ኳ። "ጤነኛ ነው፣ እለፊ።"
ኳ። "ይሄም። ጻፊ።"
ከዚያ ድንገት፣ ዷ! ባዶ ቤት እንደ ማንኳኳት።
"እዚህ ጋ" አለኝ። በቀይ ጠመኔ ከበብኩት።

ጨው በር አይሰብርም፣ ጨው አይጮህም፤
እንደ ተበዳሪ ዘመድ ነው፣ ደጅ መጥናት አይሰለቸውም።
ማዕበሉ በረጨ ቁጥር፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ፣
ትንሽ ገባ ብሎ ያድራል፣ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ።
አርባ ዓመት ሙሉ ተጉዞ ከብረቱ ደጃፍ ይደርሳል፣
ብረቱ የለበሳትን ካባ፣ ከዓይን የረቀቀችውን፣ ይበሳል።
ከዚያ ወዲያ ዝገቱ ያብጣል። ያበጠ ነገር ቦታ ይሻል፤
ያቀፈውን ድንጋይ ራሱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል።
እኛ ከውጭ የምናየው ቡናማ የእንባ መስመር ነው፤
ልቅሶው ሲሰማ ግን ሬሳው የከረመ ነው።

"ፌሮ" አለ ኔሬዮ፣ ሽፋኑ ተፈርፍሮ ሲወድቅ።
ሳቄ መጣ። "በእኛም አገር ግንበኛው ፌሮ ነው የሚለው፣
አርማታም እንደዚሁ፤ ከእናንተ የቀረ ነው።"
ትከሻውን ሰበቀ፦ "መልካም። ቃል እንኳ አይዝግ።"
ቃልም ይዝጋል፣ አልኩ በሆዴ። አፌን ግን ያዝኩ።

ሦስተኛው ምሰሶ ጋ መለኪያውን አስጠጋሁ።
ፕላኑ አምስት ሴንቲ ይላል።
እኔ ያገኘሁት አንድ ተኩል።

ኔሬዮ መዶሻውን ጭኑ ላይ አኖረ። ጀልባዋ ተወዛወዘች።
"ይህን ያፈሰሰው አባቴ ነው" አለ ቆይቶ። "ኦዶሪኮ።
በአራት ጣት ነበር የሚለካው፣
በሣንቃውና በብረቱ መሀል ጣቱን ልኮ።
በዚያ ሳምንት ግን ዝናብ ነበር፣ ኃላፊው ይጮህ ነበር፣
አሸዋውንም ከዚሁ ከዳር ዛቅነው፣ ሳይታጠብ፣ ከነባሕር።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባልዲ አቀብል ነበር።"

ደብተሬ ላይ "አንድ ተኩል" ብዬ ጻፍኩ።
ለዝናብ የሚሆን ዓምድ የለውም ደብተሩ፣ ለባልዲም የለው።

"ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይላል የእኛ ሰው ሲመክር፤
እዚህ ማን ይለምነዋል? ጣፈጠም አልጣፈጠም ሥራውን አያድር።

የሞተውን ፈነቀልን፣ ከብረቱ ጀርባ ጣት እስኪያልፍ፤
በአሸዋ ንፋስ ፋቅነው፣ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪነጣ።
ዚንኩን በሽቦ አሰርኩት፤ የሳሙና ቁራጭ ያህላል፤
በብረቱ ፈንታ እሱ ይበላል፣ በብረቱ ፈንታ እሱ ያልቃል።
"መሥዋዕት" ነው ስሙ በካታሎጉ፣ ያለ መሠዊያ፣ ያለ ቄስ፤
ዋጋው ሃያ ሁለት ዩሮ፣ ዕድሜው ራሱን እስኪጨርስ።
አንዱ ስለ አንዱ ለምን ይሞታል? ኬሚስቱ መልስ አለው፦
ለመስጠት የቸኮለ ነው ቀድሞ የሚያልቀው።

ሣንቃውን ስንገጥም ኔሬዮ ጓንቱን አወለቀ፤
አራት ጣቱን አስገባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
መለኪያዬን ከጎኑ አስጠጋሁ፦
ሰባት ሴንቲ።

ሰባት!
ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ የጠዋቱን ገጽ አየሁ፤
ኳ ብለው ያለፉት አስራ አንዱ ምሰሶዎች፣
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ተኩል፣ ሰባት።
ፕላኑ አምስት ሲለው ሽማግሌው ሁለት ጨምሮበት፣
ከኪሱ እንደሰጠ ሰው፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ።
አሳየሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ።
"እና አንዱ?" አለ።
"አንዱ አንድ ተኩል ነው" አልኩት።

ውሃው ተመልሶ ከጉልበታችን ደረሰ። ጀልባዋን ገፋን።
"ዚንኩ ስንት ዓመት ይቆያል?" "አስራ አምስት፣ ባሕሩ ከራራ።"
"ቀኑን ጻፊው እንግዲህ፣ የሚመጣው ሰው እንዲያውቅ።"
በማይለቅ ቀለም ጻፍኩት፣ ከምሰሶው ከፍ አድርጌ፤
ሲደርቅ ስጠብቅ ከንፈሬን ላስኩ፤
እዚያም ደርሷል።