ቀሪ

ሦስት ግንቦት ሙሉ፥ በፔይፕሲ ሐይቅ ዳር፥
መሰላል አዝዬ ከዛፍ ዛፍ ስዞር፥
ሣጥን ስከፍት፥ ስዘጋ፥ ጎጆ ስቆጥር፥
እግሬን ያስሮጠው አንድ ጥያቄ ነበር፦
የበረዶውን ወር እዚሁ የከረመች፥
ባለ ጥቁር ቆቧ ወፍ ቤቱን ከያዘች፥
ከሩቅ የሚመጣው ዝንብ ያዥ እንግዳ
ስንቱ ይቀር ይሆን፥ ስንቱ ያድር ሜዳ?

ሃያ አንድ ጫካ፤ ሃያ አንድ ነጥብ በወረቀት።
አግድም የጻፍኩት የቆበኞች ብዛት፥
ሽቅብ የደረደርኩት የእንግዶች ጥንድ፥
በመሃል የዘረጋሁት አንድ ቀጭን መንገድ፤
ቀጥ ያለ፥ ግን ቁልቁል የሚወርድ።
አሥር ጥንድ ቆበኛ በጨመረ ቁጥር፥
ስድስት የእንግዳ ጎጆ ይጠፋል ከመንደር።

ቁጥሩ ንጹሕ ነው፤ ደም የለበትም።
የሣጥን አርባን ክዳን ያነሣሁበት ጧት ግን ከዓይኔ አልጠፋም፦
ቆበኛዋ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣ፥
ከሥሯ፥ ድርቆሹ ላይ፥ በረሃና ባሕር ተሻግሮ የመጣ
የአሥራ ሁለት ግራም መንገደኛ፥
ራሱ ተፈልፍሎ፥ ክንፉ ተዘርግቶ የተኛ።

ሄልዩ፥ መምህሬ፥ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፥
ከመስመሩ በላይ አንዲት ነጥብ ፈልጋ፥
«ጫካ ዘጠኝ» አለች። «ቆበኛው ሞልቶበት፥
እንግዳውም ሞልቶ፤ እንዴት ይሆናል? እንዴት?
ወይ ሂጂና ቁጠሪ፥
ወይ ሰርዢያት፤ ትልቅ ናት ይህች ቀሪ።»

ቀሪ እንላለን እኛ ከመስመር እስከ ነጥብ ያለውን ርቀት፥
መስመሩ ሳይናገር የተወውን እውነት።

ሚያዝያ ላይ ሄድኩኝ፤ ሐይቁ ገና በረዶ።
ጡረተኛው ኤንደል፥ መሰላል ላይ ወጥቶ፥ አንገቱን ሰድዶ፥
አሥራ ሁለት ሣጥን በጠርሙስ ቡሽ ይደፍናል።
«አልጠጣም፤ ቡሹን የሆቴሉ ልጅ ይሰጠኛል»
አለ ሳልጠይቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦
«ቀድሞ የመጣ ሁሉን ይወስዳል ጠቅልሎ።
ለዘገየው ቦታ መያዝ አለበት ሰው፤
ድምፁን ስሰማ ነው ቡሹን የምነቅለው።»

«ለምን?» አልኩት። አንዱን ቡሽ በጣቱ አሾረ።
ልጁ ለመርከብ ሥራ ከሄደ ወዲህ አንድ ክፍሉን እንዳላከራየ ተናገረ።
ሌላ አልጨመረ።

ነጥቧን አልሰረዝኩም።
መስመሬም አልተቃናም፥ አልተጣመም፤
እንደ ወትሮው ቁልቁል ይወርዳል።
ከግርጌው አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌያለሁ፦ «በጫካ ዘጠኝ ሰው በር ይይዛል።»

ድሮ፥ በትምህርት ቤት፥ ስም ሲጠራ፥
ቀሪ የምንለው ያልመጣውን ነበር፤ ከስሙ ጎን ጭረት ይሰመርበታል በተራ።
አሁን ቃሉን ሳየው
ኤንደል ነው የሚታየኝ፤
ኪሱ ሙሉ ቡሽ፥
ጆሮው ወደ ደቡብ።