በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

ስድስት ሆነን ገባን ወዳሮጌው ግቢ፤
እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፣ እኔው ቃል ከታቢ።
ካቃቂ ባሻገር፣ ከተማው ሲያበቃ፣
በጤፉ ማሳ ላይ ብሎኬት ሲነቃ፣
እዚያ ነው ያለነው።

ሆስፒታሉ ሄዷል። ጥቅምት ላይ በሌሊት
አልጋና ሚዛኑን ጫኑት ባይሱዙ፣
ስሙን ግን ረስተው ነው ወደዚያ የተጓዙ፤
የታክሲው ረዳት ዛሬም «ሆስፒታል! ሆስፒታል!» ብሎ ይጠራል፣
የታመመ ይወርዳል፣
ዘበኛው ጉርሜሳ ከወንበሩ ሳይነሳ
እጁን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ «ተዛውሯል» ይላል።
በቀን ስንቴ እንደሚል ቆጥሬ ነበር፤ ተውኩት።

አጀንዳው አንድ ብቻ፦
«የነባር ሕንፃዎች የወደፊት አገልግሎት»።
ኢንጂነር ሚልኪያስ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና
«ድንጋዩ ጤነኛ ነው፣ ገና ሃምሳ ዓመት ይኖራል» አለ።
ጻፍኩት።
በዚህ ክፍል ውስጥ ልብሱን ሳያወልቅ፣ «ሳል እስቲ» ሳይባል
ጤነኛ የተባለ የመጀመሪያው እሱ መሆኑን
አልጻፍኩም።

ከክፍለ ከተማ የመጣችው ልጅ «ትምህርት ቤት» ትላለች፣
«መስኮቱ ሰፊ ነው» እያለች፣ በክንዷ እየለካች።
አቶ ብርቅነህ «መጋዘን» ይላሉ፣
ሲሚንቶና ዘይት በሐሳብ ይቆልላሉ።
ወጣቱ ሽኩር ግን፣ «ይፍረስ! ምን ይሠራል?
ጂ ፕላስ ሰባት ቢቆም ስንት ሰው ያሳድራል!»
ሲስተር አምሳለ ዝም።
ከማዋለጃው ደጃፍ፣ ቀለሙ የለቀቀ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ
የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ትፈታለች።

ራጅ ክፍሉ ስንደርስ በሩ አልከፈት አለ፣
እንጨቱ በውስጡ እርሳስ ስላዘለ።
ያ እርሳስ ጨረሩን አላሳልፍ ብሎ ሰው ሲጠብቅ ኖሯል፤
በእኔ ጣት ያለው እርሳስ ግን ሰው አያሳልፍም፣
ካሬ ሜትር ብቻ ያሳልፋል።

ካርድ ክፍል ብቻዬን ገባሁ። የኔ ነበራ!
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚያች ጠባብ መስኮት፣
«ስም? የአባት ስም? ቀበሌ? ዝቅ በል፣ አይሰማም።»
ከመደርደሪያው ሥር አንድ ባዶ ካርድ ወድቋል፣
አይጥ ጫፉን ቀምሶ የተወው።
ኪሴ ከተትኩት።
የመንግሥት ንብረት ነው፤ አላስመዘገብኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ባጃጅ ሳይጠየቅ ገባ።
ጉርሜሳ ከኋላው እየሮጠ «ተዛውሯል! ተዛውሯል!»
ውስጥ ያለችው ሴት የባጃጁን ብረት ጨብጣ፣
«እኔስ? እኔ ወዴት ልዛወር?»

መጋዘኑ ቆመ። ጂ ፕላስ ሰባቱም ቆመ።
ሲስተር አምሳለ ክሯን አጥብቃ አሰረች።
«ውሃ አለ?» የለም።
«መብራት?» ቆጣሪው ተነቅሏል።
ኢንጂነሩ ፕላኑን ጠቅልሎ ወደ ፒክአፑ ሲሮጥ
ሲስተር ከእጁ ነጥቃ የኋላ ወንበሩ ላይ አነጠፈችው፤
የክፍለ ከተማዋ ልጅ የማታውቃትን ሴት እጅ ይዛ አብራ ገባች።
ስሟ ለሊሴ እንደሆነ ያወቅነው ከአቧራው በኋላ፣ ከባጃጁ ሹፌር ነው።
አቶ ብርቅነህ ሰዓታቸውን አዩ።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይዘጋል፦
«ግማሹ አባላት በመውጣታቸው፣ ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ፣
ስብሰባው ለመጪው ማክሰኞ ተላልፏል።»
ፈረምኩ። ሃያ ስድስት በር ቆለፍኩ፣
የማዋለጃውን ግን ገርበብ አድርጌ ተውኩት፤
ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣
ውስጡ ወንበር እንኳ የለም።

ማታ ሲስተር ደወለች። ከጀርባዋ ክላክስ ይጮሃል።
«ሴት ናት» አለች። «አደባባዩ ጋ ሳንደርስ፣
ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶብን። ደህና ናቸው።
ለኢንጂነሩ ንገረው፣ ፕላኑ አይመለስም።»

ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። እጄ ልማዱን አይረሳም፦
ስም፣ ገና።
የአባት ስም፣ ይጠየቃል።
የትውልድ ቦታ፣ ቱሉ ዲምቱ ሳይደረስ፣
በነባር ሕንፃዎች ፕላን ላይ።